ተጨማሪ መረጃ፦ እንግዳው ሲወጣ የሚጠፋ አካውንት

በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት አንድን ኮምፒውተር በቀን ብዙ ተማሪዎች ይጠቀሙበት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የይለፍ ቃል መስጠት አድካሚ ነው። ሁሉም በአንድ አካውንት ቢገቡ ደግሞ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያነበው ወይም ሊሰርዘው ይችላል። ለዚህ ችግር በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ መፍትሔ አለ፦ የእንግዳ መግቢያ።

የእንግዳ መግቢያ ማለት ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈትና ተጠቃሚው ሲወጣ የሚጠፋ ጊዜያዊ አካውንት ነው። ለምሳሌ ላይትዲኤም የተባለው የመግቢያ ፕሮግራም እንግዳ ሲገባ አዲስ አካውንትና ፎልደር ይፈጥራል፤ እንግዳው ሲወጣ ሁለቱንም ይሰርዛል። የኮምፒውተሩ ኃላፊ በፕሮግራሙ የቅንብር ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ቢጽፍ፣ ኮምፒውተሩ እንደበራ ማንንም ሳይጠይቅ በእንግዳ አካውንት ይከፈታል።

ሆኖም እንግዳው የሌሎችን ፋይል እንዳያይ የሚከለክል አጥር ያስፈልጋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት አንዳንድ እትሞች ላይ ይህ አጥር እንደማይሠራ ስለታወቀ የእንግዳ መግቢያው እንዲዘጋ ተደርጓል። ስለዚህ ኃላፊው ሥርዓቱን በየጊዜው ማደስ አለበት።

ሞክሩት! የእንግዳ መግቢያ ያለው ኮምፒውተር ካገኛችሁ፣ መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ ስማችሁን የያዘ ፋይል በእንግዳው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ፋይሉን አገኛችሁት? የምትፈልጉትን ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ፍላሽ ላይ መገልበጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ለጓደኞቻችሁ አስረዱ።