ቀለሙ ያማረ ካሚዮን ለምን ይዝጋል?

እ.ኤ.አ. በ1977 በሶቪየት ኅብረት መመረት የጀመረውን ኡራል 4320 የመሰለ አሮጌ የጦር ካሚዮን፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሳለ ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ አብጦ የሚላጠው ለምንድን ነው?

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፤ ሂደቱም የባትሪን አሠራር ይመስላል። የላሜራው አንድ ክፍል ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይሟሟል፤ ኤሌክትሮኖቹም ኦክስጅን ወደሚበዛበት ክፍል ይፈስሳሉ። ከተሰነጠቀ ቀለም ጠርዝ ሥር ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ይበልጥ የሚበላው የተሸፈነው ብረት ነው። ዝገቱም ከተበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል።

በመሆኑም ዝገቱ ሳይጠረግ ስቱኮ ቢሞላበት ጉዳቱ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይቆምም። የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ በምትኩ አዲስ ይበየዳል፤ የቀረውም ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቃል። ወዲያውኑ ዚንክ የበዛበት ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። የዚንክ መደበኛ የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ከዜሮ በታች 0.76 ቮልት፣ የብረት ደግሞ ከዜሮ በታች 0.44 ቮልት በመሆኑ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ይበላል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ በቀጥታ ሲነካኩ ነው፤ በመካከላቸው ዝገት ወይም አሮጌ ቀለም ከቀረ የኤሌክትሮኖቹ መንገድ ይዘጋል። አረንጓዴው የወታደር ቀለም ተራው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።