ተጨማሪ መረጃ፦ ተጣብቀው የሚጻፉ የኖርዌጅኛ ቃላት

ኖርዌጅኛ ሁለት ስሞችን ሲያጣምር አጣብቆ ይጽፋል። «ባርን» ልጅ፣ «ሃገ» የአትክልት ቦታ ነው፤ በመካከላቸው «ኧ» ገብታ «ባርነሃገ» ሲሆኑ መዋዕለ ሕፃናት ይሆናል። በሌሎች ቃላት መጋጠሚያው ላይ የምትገባው «ስ» ናት፦ አርቤይድ (ሥራ) + ስ + ፕላስ (ቦታ)። የቃሉ ራስ፣ እንደ እኛው «ምግብ ቤት»፣ መጨረሻው ላይ ያለው ነው። ጾታውንም የሚወስነው እሱ ነው፤ «ባርን» ግዑዝ ጾታ ቢሆንም «ባርነሃገ» የ«ሃገ»ን ተባዕታይ ጾታ ይወስዳል።

ክፍተት መተው ቀላል ስሕተት አይደለም። «ላመሎር» የበግ ጠቦት ታፋ ነው፤ «ላመ ሎር» ተብሎ ሲለያይ ግን ሽባ የሆኑ ታፋዎች ማለት ይሆናል። ሥጋ ሻጭ ይህን ቢለጥፍ መሳቂያ ነው!

ቃሉ በመሥመር መጨረሻ ሲከፈል የሚቆረጠው በመጋጠሚያው ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። «ፉትባል» (እግር ኳስ) በላቲን ፊደል የሚያልቀው በሁለት «ል» ነው፤ «ላግ» (ቡድን) ሲጨመርበት ሦስት «ል» መደርደር ስለማይፈቀድ አንዷ ትወድቃለች። ቃሉ በሰረዝ ተከፍሎ ወደ ቀጣዩ መሥመር ሲሻገር ግን የወደቀችው «ል» ትመለሳለች። መጥበቅን በማያሳይ ፊደል ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነው።