ስለ ሞላ ሰዓትና ስለ ይፋት ቆላ

የእጅ ስልክ ሰዓትን በሚያሳይበት በዚህ ዘመን፥ በየዕለቱ በጣት የሚሞላው አሮጌ የእጅ ሰዓት ስለ ምን ወዳጅ አላጣም? ይህን ጥያቄ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ኑሮ አንጻር ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን አሠራሩን እንግለጽ። የሞላ ሰዓት ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠቀለለ የብረት ሞላ ነው። ሞላው ሲፈታ ባለጥርስ መንኰራኵሮችን ያዞራል፤ እንደ ጠጕር በቀጠነ ሌላ ሞላ የምትወዛወዝ መንኰራኵር ደግሞ ፍጥነታቸውን ትገታለች። ይህች መንኰራኵር በብዙ አሮጌ ሰዓቶች በሰዓት 18,000 ጊዜ ትመታለች። በኳርትዝ ሰዓት ግን በባትሪ ኃይል የሚርገበገበው ደንጊያ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሞላ ሰዓት በቀን የሚስተውን ያህል ኳርትዙ በወር ውስጥ ይስታል። የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት በ1969 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ በኋላ፥ በ1970 ወደ 90,000 ይደርሱ የነበሩት የስዊስ ሰዓት ሠራተኞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ዝቅ ማለታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቆላው ሙቀትም ለሞላ ሰዓት ጠላቱ ነው። ተራ ብረት ሲሞቅ ስለሚለዝብ፥ ከእርሱ የተሠራ ቀጭን ሞላ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ሰዓቱን በቀን 11 ሴኮንድ ያህል ያዘገየዋል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት ወደ 2 ደቂቃ ይጠጋል ማለት ነው። ይህን ችግር ያቃለለው ሙቀት እምብዛም የማይለውጠው የኒኬልና የብረት ቅይጥ ነው። ስለ እነዚህ ቅይጦች የመረመረው ሻርል ኤድዋር ጊዮም በ1920 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አግኝቷል።

እንግዲህ በትክክለኛነት የሚበለጥ ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው? አንደኛው ከአቈጣጠራችን ጋር መስማማቱ ነው። ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ መቍጠር ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል። የእኛ 1 ሰዓትና የፈረንጆቹ 7 ሰዓት በሰዓቱ ፊት ላይ ትይዩ ናቸው፤ ባለቤቱ በወደደው አቈጣጠር ቢሞላው መኪናው አይከራከረውም። ስልክ ግን ሰዓቱን ከኔትዎርክ ተቀብሎ ያርመዋል።

ሁለተኛው፥ የሚበልጠውም፥ ራሱን መቻሉ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት መድረሱን የሚያስታውስ ሰው፥ መብራትና ኔትዎርክ ሁልጊዜ የሚታመኑ እንዳልሆኑ አስረጅ አያስፈልገውም። በሌሊት የመስኖ ውሃ ተራውን የሚጠብቅ ገበሬ ስልኩ ከጠፋበት ተራው ሊያልፈው ይችላል። ለዚህ ሰው በቀን ግማሽ ደቂቃ መሳሳት ምንም አይደለም፤ ጨርሶ መቆም ግን ጕዳት ነው። ሞላውን ማታ በጣቱ ከሞላው ሰዓቱ እስከ ማግስቱ ይሄዳል።

ነገር ግን ይህ ጥቅም ያለ ሰዓት ሠሪ አይዘልቅም። አቧራ ይገባዋል፥ ዘይቱም ይደርቃል፤ በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ ካልጸዳ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ፈትቶ የሚገጥመው ባለሙያ ከሌለ፥ ከኤሌክትሪክ ነጻ የሆነው መኪና ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሞላ ሰዓት ወዳጆች ከሰዓቱ ይልቅ ሙያው እንዳይጠፋ ቢያስቡ የሚሻል ይመስለናል፤ ተማሪዎችም በየከተማው ያሉትን ሰዓት ሠሪዎች እየጠየቅን ዕውቀታቸውን ብንመዘግብ ጠቃሚ ሥራ ይሆናል።