ስለ ልብስ ማጠቢያ መኪና አጠባበቅ
የልብስ ማጠቢያ መኪናችሁ ውኃውን አላፈስስ ብሎ ቢቆም፥ ብዙ ወራት ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ በአዲስ መኪና ላይ ለማዋል አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ የኤሌክትሪኩን መሰኪያ ንቀሉ፤ ውኃው ሙቅ እንደ ሆነም እስኪበርድ ታገሡ። በፊት ለፊት ከሚከፈቱት መኪናዎች በብዙዎቹ ግርጌ ትንሽ ክዳን ትገኛለች። ከሥሯ ጎድጓዳ ሳሕን አኑራችሁ ቀስ በቀስ ብትፈቷት፥ በማጣሪያው ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ፥ ሳንቲም፥ አንዳንድ ጊዜም የሕፃን ካልሲ ታገኙ ይሆናል። (የሱሪ ኪስ ሳይፈተሽ ማጠብ የሁላችንም ጥፋት ነው።) ማጣሪያውና ቱቦው ጸድተው ውኃው አሁንም ካልወጣ፥ ያን ጊዜ ፓምፑን በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። ፓምፑ ተበላሽቶ ከተገኘም ለመለዋወጫ ሻጩ የፋብሪካውን ስም ብቻ መንገር አይበቃም፤ በበሩ ጠርዝ ወይም በጀርባው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ የሞዴሉን ቁጥር ገልብጡ። የብሎኑ ቀዳዳና የቱቦው አፍ እንዲመሳከር አሮጌውን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ።