ምስጢር በቴሌግራም ሲላክ

የመታወቂያ ኮፒ፣ የውል ረቂቅ፣ የሐኪም ማስረጃ ሳይቀር በቴሌግራም መላላክ ለምዶብናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። ሕግ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በሩን አስቀድሞ መዝጋት የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ብዙዎቻችን ቴሌግራም መልዕክታችንን ሁሉ ከማንም የሚሰውር ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ተራው መልዕክት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ነው፤ መፍቻ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው ምስጢራዊ ውይይት የሚባለውን ራሳችን ስንከፍት ብቻ ነው፤ ይህም ለቡድን አይሠራም። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመልዕክቱን ይዘት ይቆልፋል፤ ማን ለማን መቼ እንደላከ የሚያሳየው መረጃ ግን ከኩባንያው አይሰወርም።

ሲግናል ከሁለቱም ይለያል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ መረጃ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ ማቅረብ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ተጠቃሚው ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነበር። ያልያዘውን ሰነድ አምጣ ቢባል ማንም ሊያመጣ አይችልምና፣ በእኔ እምነት ከኩባንያ ቃል ኪዳን ይልቅ አስተማማኙ ዋስትና ይህ ነው።

ስለዚህ ቴሌግራም ለዜናና ለጨዋታ ይቆይ። የደንበኛውን ጉዳይ የያዘ ጠበቃ፣ የሕመምተኛውን ውጤት የያዘ ሐኪም ግን ምስጢሩ የራሱ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሌላውን ሰው መረጃ መጠበቅ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ሆኗል።