ከዳር ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ያለችው ጫኖ ሙዟን የምታበቅለው በአባያ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቁ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ደለል ስላቀላው ውስጡ አይታይም፤ አዞና ጉማሬም አያጣም። ዓሣ አስጋሪው ወገሎ በሚባለው ባህላዊ ታንኳ ወይም በጀልባ ገብቶ መሃል ላይ ነፋስ ቢነሳበት፣ ጩኸቱን ማን ይሰማዋል?

ባሕር ያላቸው አገሮች ለዚህ ጥያቄ ካገኟቸው መልሶች አንዱ የነፍስ አድን ሬዲዮ ተረኛ ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ማሪን ሬስኪው በተባለው ድርጅት፣ ሠልጥነው ያለ ደመወዝ በየተራ ሬዲዮ የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የሚያዳምጡት በዓለም ዙሪያ ለአደጋ ጥሪ የተመደበውን ቻናል 16ን፣ ማለትም 156.8 ሜጋ ኸርዝን ነው።

አደጋ ላይ የወደቀ ጀልባ “ሜይዴይ” ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ተረኛው ተጣሪውን ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደደረሰበትና ስንት ሰው እንደያዘ ይጠይቀዋል። ድምፁ ድንገት ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ከታወቀ ፍለጋ መጀመር ስለሚቻል፣ “የት ነህ?” የሚለው አይዘገይም። ተረኛው የሰማውን መልሶ ያረጋግጣል፣ ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ለነፍስ አድን ጀልባ ያስተላልፋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ድምፁን ሳይለውጥ ነው፤ የተረኛው ድንጋጤ ወደ ተጣሪው ይጋባልና።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ግን ጥሪ የሌለበትን ሥራ ነው። ጀልባ ሲወጣ የሚሄድበትን፣ የያዘውን ሰው ብዛትና የሚመለስበትን ሰዓት ያስመዘግባል። ሰዓቱ ካለፈ ተረኛው ይደውላል፤ መልስ ካጣ ፍለጋ ይጀመራል። እንዲህ ከሆነ “ድረሱልኝ” ለማለት ጊዜ ያላገኘውም ሰው ፈላጊ አለው።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ አባ ሙሴ ዘርአይ ናቸው። እኚህ አስመራ የተወለዱ ካቶሊካዊ ካህን ሬዲዮ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ስልክ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ጀልባቸው የተበላሸባቸው ስደተኞች በሳተላይት ስልክ ሲደውሉላቸው፣ ያሉበትን ቦታ ተቀብለው ለጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ያስተላልፉ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭተዋል።

ወደ አባያ ስንመለስ፣ የጀልባ ሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ አንቴናው ከፍ ሲል ርቆ ይሰማል፤ ከጫኖ ጀርባ ደግሞ የጋሞ ተራሮች አሉ። እርግጥ ለሬዲዮ ገንዘብም፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። የጀልባዎቹ ምዝገባ ግን ያን እየጠበቀ መቆየት የለበትም፤ ደብተር፣ ስልክና ተረኛ ይበቃዋል። በአባያ ዳር ያላችሁ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት፣ ከየጀልባ ማቆሚያችሁ አንድ አንድ ሰው መርጣችሁ ወጪና ተመላሹን መመዝገብ ጀምሩ።