የደም ስላይድ ምስል በኮምፒውተር ሲቀነባበር፦ ትእዛዞቹ ምን ያጎላሉ? ምንስ ያጠፋሉ?

አዲስ አበባ በከፍተኛ ቦታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ወባ እንደ ቆላው አገር የነዋሪዎቿ ዋነኛ የጤና ችግር አይደለም። ይሁን እንጂ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በለቡ አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ወባን ሊዘነጋ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ ፉሪ ለቡ በመሆኑ ከአዳማና ከድሬዳዋ የተሳፈረ መንገደኛ የሚወርደው በዚሁ ሰፈር ነው። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው፣ በከተማ ከምትራባው ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። በሌላ በኩል ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን መመርመሪያ፣ ፕሮቲኑን የሚያመነጨው ጂን የጎደላቸውን የፋልሲፓረም ዝርያዎች ሊስት ይችላል፤ እነዚህ ዝርያዎች በአገራችንም ተገኝተዋል። በመሆኑም የማይክሮስኮፕ ምርመራ አስፈላጊነት አልቀነሰም።

ወባ አልፎ አልፎ ብቻ በሚታይበት ላቦራቶሪ የስላይዱን ምስል በካሜራ አንስቶ በኮምፒውተር ማቀነባበር ጠቃሚ አማራጭ ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት የሶፍትዌር ማበልጸጊያ መሣሪያዎች አንዱ ኦፕንሲቪ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንቴል ኩባንያ የተጀመረ ሲሆን ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ሊታዘዝ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕሮግራም መጻፍን ማስተማር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ በምስሉ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ የጤና ባለሙያው እንዲገነዘብ ማድረግ ነው።

ምስሉን ማንበብ

ለኮምፒውተር ምስል ማለት ፒክስል በተባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች ይኖሩታል። «ኢምሪድ» የተባለው የኦፕንሲቪ የማንበቢያ ትእዛዝ ግን ቁጥሮቹን የሚያስቀምጠው ሰማያዊን አስቀድሞ ነው። ምስሉ ሳይስተካከል ቀይን በሚያስቀድም ሌላ ፕሮግራም ከታየ ሁለቱ ቀለሞች ቦታ ይለዋወጣሉ። በጊምሳ ቀለም የተነከረ የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ክሮማቲኑ ቀይ፣ ሳይቶፕላዝሙ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚታይ ለምናውቅ ባለሙያዎች ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ወደ ግራጫ መለወጥ

ይህ ትእዛዝ ሦስቱን ቁጥሮች ወደ አንድ ያዋህዳል። አረንጓዴ 0.587፣ ቀይ 0.299፣ ሰማያዊ 0.114 ክብደት ይሰጣቸዋል። ስሌቱ የተዘጋጀው ለሰው ዓይን እንጂ ለጊምሳ አይደለም። ወይን ጠጅ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአረንጓዴውን ሠንጠረዥ ብቻ ለይቶ መጠቀም ተሕዋሱን ይበልጥ ያጎላዋል።

ማለስለስ

«ሚዲያን ብለር» የተባለው ትእዛዝ በምስሉ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ጉድፎችን ያጠፋል። በ5 በ5 መስኮት ሲሠራ 25 ፒክስሎችን ከትንሹ ወደ ትልቁ አሰልፎ 13ኛውን ቁጥር ይወስዳል። ክሮማቲኑ 1 ማይክሮሜትር ስፋት አለው እንበል። አንድ ፒክስል 0.1 ማይክሮሜትርን የሚወክል ከሆነ ክሮማቲኑ 10 ፒክስል ያህል ስለሚሰፋ አይጠፋም። አንድ ፒክስል 0.5 ማይክሮሜትርን የሚወክል ከሆነ ግን ክሮማቲኑ የሚይዘው 4 ፒክስል ብቻ ነው፤ ከ25ቱ መካከል 4ቱ መካከለኛውን ቁጥር ሊወስኑ ስለማይችሉ ከጉድፉ ጋር አብሮ ይጠረጋል።

መለየትና መቁጠር

«ትሬሾልድ» የተባለው ትእዛዝ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ያለውን ነጭ፣ በታች ያለውን ጥቁር ያደርጋል። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ዘዴ መለያውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመርጥ ያስችላል፤ ሆኖም የማይክሮስኮፑ ብርሃን በአንድ ወገን ከደበዘዘ ውጤቱ ይዛባል። በዚህ ጊዜ መለያውን ለየአካባቢው የሚያሰላ ትእዛዝ ይመረጣል። ቀጥሎ «ኢሮድ» የነገሮችን ጠርዝ ይሸረሽራል፤ «ዳይሌት» ደግሞ መልሶ ያሰፋል። ነገር ግን በመሸርሸር ፈጽሞ የጠፋን ነገር ማስፋት አይመልሰውም። በመጨረሻ ተያያዥ ነጥቦች እንደ አንድ አካል ተወስደው ይቆጠራሉ።

ለታካሚው ያለው ትርጉም

በወፍራም የደም ቅብ 200 ነጭ የደም ሴሎች እስኪቆጠሩ 100 ተሕዋስያን ከተገኙ፣ በተለመደው የ8,000 ስሌት በአንድ ማይክሮሊትር ደም 4,000 ይሆናሉ። ትእዛዞቹ ሩቡን ቢያጠፉ ውጤቱ ወደ 3,000 ይወርዳል፤ ምርመራው ግን ያው ወባ ነው። በ200 ነጭ ሴሎች 3 ተሕዋስያን ብቻ ያሉበት ታካሚ ግን «ወባ የለበትም» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ፋልሲፓረም ከሆነ ይህ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ያደርሳል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማሟላት ተገቢ ነው፦

1. ዋናው ምስል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ትእዛዞቹ በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። ጄፔግ ዝርዝር ነገሮችን ስለሚቀንስ ቲፍ ወይም ፒኤንጂ ይመረጣል።

2. አንድ ፒክስል ስንት ማይክሮሜትር እንደሚወክል አስቀድሞ በመለኪያ ስላይድ ይረጋገጥ።

3. የትእዛዞቹ ቅደም ተከተልና ቁጥሮቻቸው ከውጤቱ ጋር ይመዝገቡ።

4. አሠራሩ ልምድ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ ካነበቧቸው ስላይዶች ጋር ይነጻጸር፤ በተለይም ጥቂት ተሕዋስያን ያሉባቸው ስላይዶች አይዘለሉ።

5. ምስሉ ለምክር ወደ ሌላ ባለሙያ ሲላክ የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥር አብሮ እንዳይታይ ይደረግ።

ከሁሉም በላይ ኮምፒውተሩ «የለም» ያለው ውጤት የበሽታውን ጥርጣሬ አያስቀርም። ከወባማ አካባቢ የመጣ ታካሚ ትኩሳቱ ከቀጠለ ደሙ በድጋሚ ተወስዶ በባለሙያ ዓይን መታየት ይኖርበታል።